የጋሽ ካሣዬ አጥር

ጋሽ ካሣዬ ሰላምታ ላይ እንኳ የሚነዘንዙ ሰው ናቸው። "ደህና አደሩ?" ሲሏቸው "በምን በኩል ደህና አድራለሁ? ጎልጎሉን አላየሽውም?" ይላሉ። ጎልጎል የሚሉት ከዋጃ መንገድ በስተምሥራቅ የተዘረጋውን የቀበሌውን የጋራ ግጦሽ ነው። አይቼዋለሁ፤ በየቀኑ አየዋለሁ። ቢሆንም ቆሜ እንደገና መስማት አለብኝ፤ የቀበሌው የእንስሳት ባለሙያ እኔ ነኝና።

ከደብረ ታቦር ተመድቤ ወደዚህ ቆላ ስወርድ ቁጣ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ከጋሽ ካሣዬና ከፕሮሶፒስ ጋር ከኖርኩ ወዲህ ግን ስልክ ስደውል እናቴ "ራሔል፣ ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው?" ትለኛለች።

ፕሮሶፒስ ከአፋር በኩል የመጣ እሾሃም ዛፍ ነው። እሾሁ የጎማ ጫማ ይበሳል፤ የበሬ ሰኮና ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። ከሥሩ ሣር አያበቅልም። እንደ ፎሶልያ የሚንጠለጠል ቢጫ ፍሬ አለው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ከብት ይሻማበታል። ዘሩ ግን ሆድ ውስጥ ሳይፈጭ ከእበት ጋር ይወጣና እዚያው እበቱ ላይ ይበቅላል። ይህን በየስልጠናው ቆሜ የማስተምረው እኔው ነኝ፤ ለዚህም ነው ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ጋሽ ካሣዬ ስልሳ ሊሞላቸው ነው። ልጅ እያሉ የጎልጎል ሣር ጥጃ ይደብቅ ነበር ይላሉ። በጦርነቱ ዓመታት ወደዚያ የሚወርድ ሰው ጠፋና ዛፉ እንደልቡ ተስፋፋ፤ ስንመለስ ግማሹን ሜዳ ይዞታል። ላሞቻቸውን ሸጡ። የቀራቸው ቦራ የሚሉት በሬና የእርሻ ጓደኛው ብቻ ናቸው። ጎልጎል ካለቀ እነሱም ይሸጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ መሬታቸውን ለሌላ አራሽ በእኩል ሰጥተው የሚደርሳቸውን መጠበቅ ነው። ጋሽ ካሣዬን የሚያውቅ ሰው፣ በሰው በሬ ከሚታረስ መሬት ዳር ቆመው ዝም ሲሉ ሊያስባቸው አይችልም።

በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ዘመቻ ይወጣል። ሕዝቡ ገጀራና መጥረቢያ ይዞ ይወርዳል፤ ዛፉን ከጉልበት በላይ ይቆርጣል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ይህን ያህል ሄክታር ጸዳ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። የምጽፈው እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ አንዱ ጉቶ አሥራ ሁለት ሆኖ ያቆጠቁጣል። ጋሽ ካሣዬ ብቻቸውን ዶማ ይዘው ከጎናችን ይቆፍራሉ፤ አንድ ክንድ ያህል ወርደው ዛፉን ከነሥሩ ያወጡታል። እኛ መቶ ስንቆርጥ እሳቸው ሦስት ይነቅላሉ፤ በዚህ መሃል አፋቸው አያርፍም።

"ጸጉር አስተካካይ ሁላ" ይሉናል። "ቁረጡት፣ ደስ ይበለው፤ በጋው ሞቆት ነበር።"

ወጣቶቹ "ጋሽ ፕሮሶፒስ" ብለው ስም አወጡላቸው።

አምና ጥር ላይ ነገሩ ከረረ። ተደራጅተው ከሰል የሚያከስሉ ልጆች ጎልጎል ይሰጠን አሉ። ለከሰል ዛፉ እየተቆረጠ እንዲያቆጠቁጥ እንጂ እንዲጠፋ አይፈለግም። ጋሽ ካሣዬ ስብሰባው ላይ ተነሡ።

"ጎልጎል ግጦሽ ነው።"

"የቱ ግጦሽ፣ ጋሽ ካሣዬ?" አለ ሊቀመንበሩ ብርሃኑ። "ከብቱ የት ይርገጥ?"

"አራት ጥማድ ለየልኝ። ነቅዬ ላሳይህ። ክረምቱ ሲወጣ አንዲት ፕሮሶፒስ ካገኘህበት ጎልጎልን ስጣቸው።"

ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ባለቤታቸው ማናለብሽ ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። "አንዲት ብሎ አፉን ይከፍታል?" አለችኝ። "አሥር ቢል ምን ነበረበት? ሃያ ቢል ማን ይከለክለው ነበር?"

ከየካቲት እስከ ግንቦት ቆፈሩ። ጎረቤታቸው ታሂር በወንፈል ያግዛቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ በተራቸው የታሂርን ማሳ ያርማሉ። ሲሠሩም ይጨቃጨቃሉ። ታሂር "አቦ፣ እሷ ሥር ትቅር፣ ቀጭን ገመድ ነው የምታህል" ሲል፣ ጋሽ ካሣዬ ጉድጓዱ ውስጥ በደረታቸው ተኝተው ያቺን ሥር ፍለጋ ይገባሉ። እጃቸው ቆሰለ፤ ማናለብሽ ማታ ማታ እሾህ በመርፌ ስታወጣላቸው እሷም ትነዘንዛለች።

የነቀሉትን ዛፍ ወደ ዳር እየጎተቱ ከብት እንዳይገባ ዙሪያውን አጠሩበት። እዚህ አገር አጥር የሚታጠረው በእሾህ ነው፤ አባትም አያትም እንዲሁ አጥረዋል፤ የተቆረጠ እሾህ ካለ ሰው ሌላ አጥር አያስብም። ያማረ አጥር ነበር፤ ከሰው ቁመት ያልፋል፤ ፍየል አያሾልክም። በየቅርንጫፉ ላይ ያ ቢጫ ፍሬ ተንጠልጥሏል። አየሁት፤ ፎቶም አነሳሁት። "መልካም ተሞክሮ፦ የተነቀለውን ፕሮሶፒስ ለአጥር ማዋል" ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩና ለበላይ አካል ላክሁ። ተመሰገንኩበት።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ቦራ እሾህ ወጋው፤ ሰኮናው አበጠ። ራቅ ብሎ መሰማራት ስላልቻለ ጋሽ ካሣዬ አጥሩ ውስጥ አስገቡት። በልጉ ጥሎ ስለነበር የጸዳው መሬት ላይ ለስላሳ ሣር ወጥቷል። ሦስት ሳምንት እዚያ ከረመ። እኔም ቁስሉን እያጠብኩለት ሲወፍር አይቼ "ቦታው ተስማማው" አልኩ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ብርሃኑ ኮሚቴውን፣ የከሰል ልጆቹንና እኔን አስከትሎ ለርክክብ ወረደ። ጋሽ ካሣዬ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመዋል። ሰላም ሲሏቸው እንኳ ምንም ቅሬታ አላነሡም።

ሣሩ ጉልበት ድረስ ነበር። ዘልቀን መሃሉ ስንደርስ ከልጆቹ አንዱ ሣሩን በእግሩ ገለጥ አደረገና ሳቀ። አንድ የደረቀ እበት ላይ ጣት የማትሞላ የፕሮሶፒስ ቡቃያ ጥቅጥቅ ብላ በቅላለች። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ እበት፤ እዚያም ላይ እንዲሁ። አጥሩ ሥር ሥር ደግሞ ዙሪያውን በቅሏል።

ጋሽ ካሣዬ ጎንበስ ብለው እበቱን አዩ፤ ቀና ብለው አጥሩን አዩ። ቦራ አንገቱ እስከሚደርስበት ድረስ ቅርንጫፉ ላይ አንድም ፍሬ አልነበረም። ከዚያ በላይ ያለው ፍሬ እንደተንጠለጠለ ነው።

"በሬዬ ዘራው" አሉ።

"ቃል ቃል ነው፣ ጋሽ ካሣዬ" አለ ብርሃኑ። ደስ አላለውም፤ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

"ቃሌን አላጥፍም። ግን ዶማ አምጡና የነቀልኩበትን ቆፍራችሁ እዩት። አንድ ጉቶ ተመልሶ እንደሆን እዚሁ ቅበሩኝ። ነቀላው ሠርቷል። ይሄ አዲስ ዘር ነው፤ አጥሬ ያመጣው። አጣሪው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሌላውን ሰው ጸጉር አስተካካይ ስል የከረምኩት።"

ስድስት ዓመት ሲጮኹ ሰምቻቸዋለሁ፤ እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። "አጥሩን አይቼ ያመሰገንኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ዘሩ በእበት እንደሚበቅል እያስተማርኩ በሬውን እዚያ ውስጥ ያከምኩት እኔ ነኝ። ተሞክሮ ብዬም ጽፌዋለሁ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ታሂር ዶማ አመጣ፤ ሰባት ቦታ ተቆፈረ፤ አንድም ሥር አላቆጠቆጠም። ብርሃኑ ቁጭ ብሎ ከልጆቹ ጋር ተከራከረ፤ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። በመጨረሻ የአንድ ዓመት ጊዜ ጨምሮ ጻፈ፦ ቡቃያው ይነቀል፣ አጥሩ ይቃጠል፣ የማንም ከብት አይግባ፤ በሚቀጥለው መስከረም አንዲት ከተገኘች ያለ ክርክር ጎልጎል ለከሰል።

ቡቃያው ገና ለጋ ስለነበር በሁለት ጣት ይነቀላል፤ አራት ቀን ፈጀብን። አጥሩን ጥቅምት ላይ አቃጠሉት። ከዚያ ወዲህ አራቱ ጥማድ ባዶ ሜዳ መሃል ያለ አጥር ቀረ፤ ያን የመሰለ ሣር ደግሞ በዙሪያው የለም፤ የአገሩ ከብት ሁሉ ወደዚያው ነው። ስለዚህ ጋሽ ካሣዬ ጎህ ሲቀድ ዱላቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ እስኪመሽ ዙሪያውን እየተራመዱ ከብት ይመልሳሉ። ቦራንም ይመልሳሉ፤ እሱን ሲመልሱ ስድቡ ይረዝማል። ማናለብሽ ምሳቸውን ይዛ እየወረደች "የቤቱን አጥር ጠብቅ ብለው እንቢ ያለ ሰው ራሱ አጥር ሆነልኝ" ትላለች።

ጋሽ ካሣዬ ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። "ያንን የአጥር ወረቀት አስተካከልሽው?"

አስተካክያለሁ። ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ደርሶናል የሚል መልስ እንኳ አላገኘሁም።

ባለፈው ሳምንት የዘንድሮው ዘመቻ ደብዳቤ መጣ። ቢሮ ቆሜ አነበብኩት። በቀጥታ ወደ ጎልጎል ወረድኩ። ጋሽ ካሣዬ የሰው ጊደር እየመለሱ ነበር።

"ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ?" አሉኝ።

አነበብኩላቸው። "በተገኘው መልካም ተሞክሮ መሠረት፣ በዘመቻው የሚቆረጠው ፕሮሶፒስ በየቀበሌው ለግጦሽ መሬት አጥር እንዲውል።"

ጊደሯን ትተው ቀረብ አሉ። "ለማን ለማን ተላከ?"

"ለቆላው ቀበሌዎች ሁሉ።"

"ዘመቻው መቼ ነው?"

"ሰኞ።"

ወደ ፀሐይዋ አዩ፤ ወደ ሣሩ አዩ። ከዚያ ዱላቸውን አስያዙኝ።

"በይ እንግዲህ" አሉ። "እኔ በየቀበሌው ልዙር፤ እኔ አጥሬው የሆነውን ከአፌ ይስሙ። አንቺ እዚህ ቁሚ። ቦራ በዚያኛው ጥግ ነው የሚሞክረው፤ አትመኚው።"

ወደ አስፋልቱ አቀኑ። እኔም እስኪመሽ ድረስ በአራቱ ጥማድ ዙሪያ እየሮጥኩ የሰው ከብት ስሰድብ ዋልኩ።