የሲቀላ ዳገት ለወንድና ለሴት

ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወጣውን ዳገት አርባ ምንጭ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን ባጃጅ እስክይዝ ድረስ ያላወቅሁበት አንድ ጠባይ አለው፤ ሾፌሩን አይቶ ይከብዳል ወይም ይቀላል። ወንድ ሲነዳበት ተራ አስፋልት ነው፤ በአንድ እጁ ስልክ እያወራ ይወጣዋል። እኔ መሪውን ስይዝ ገደል ይሆናል።

በጂኦግራፊ ተመርቄ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማንጋጠጥ ሲታክተኝ ነው የአክስቴን ልጅ ባጃጅ የተረከብኩት። ተራ አስከባሪው ከላይ እስከ ታች አየኝና በሜዳው መስመር፣ በጫኖ በኩል፣ መደበኝ። ተሳፋሪ የሚበዛው ግን ወደ ሴቻ ነው። ለምን ስለው፣ "እህቴ፣ ላንቺው ብዬ ነው፤ ሴት ልጅ ዳገት ላይ ትደነግጣለች" አለኝ። ይህ ሰው ራሱ ባጃጅ መንዳት አይችልም። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ፣ "እሺ፣ እስከ ቅዳሜ ሞክሪው። ተሳፋሪ እምቢ ካለሽ ግን ወደ ሜዳሽ ትመለሻለሽ" አለ። እምቢ እንደሚሉኝ ስላወቀ ነው ደግ የሆነልኝ።

እምቢም አሉ። ጎንበስ ብለው ይገባሉ፣ በመስታወቱ ፊቴን ያያሉ፣ ከዚያ የረሱት ነገር ትዝ ይላቸዋል። አንዱ "ስልኬን ረስቼ" ብሎ ወረደ፤ ስልኩ እጁ ላይ ነበር። ክራባት ያሰረ የቢሮ ሰው ደግሞ "በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው" አለኝና ከኋላዬ የቆመው ባጃጅ ውስጥ ገባ።

እነዚህ ያስቁኝ ነበር። ከልቤ የናቅሁት፣ እስከ ዛሬም የምንቀው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሬን ነው። ቦታ ማለት ድንጋይና አፈር ብቻ እንዳልሆነ ያስተማረን እሱ ነው። "ይህ የወንድ ቦታ፣ ያ የሴት ቦታ ብሎ ተራራው አልተናገረም፤ ሰው ነው የሠራው። ሰው የሠራውን ደግሞ ሰው ያፈርሰዋል" ይል ነበር፣ እጁን በኪሱ ከትቶ። ካርታ የሚያነሱት ወንዶች ስለነበሩ ሴቶች ውሃና እንጨት የሚያመላልሱበት መንገድ ካርታው ላይ እንደማይገኝ የነገረንም እሱ ነው። ያን ትምህርት በኤ ነው ያለፍኩት። ሰውየውን ማመኔ ዛሬም ያናድደኛል።

አንድ ቀን ቦርሳውን አንግቶ መጣና ባጃጄ ውስጥ ገባ። አወቀኝ፤ ደስም አለው። "ልማድ ሲሰበር በዓይኔ አየሁ" ብሎ፣ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች እስኪሞሉ ስለ ጾታና ስለ ቦታ ዲስኩሩን አወረደው። ሞተሩን ሳስነሳ ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

"ዳገቱን ሰው ጭነሽ ወጥተሽው ታውቂያለሽ?"

"የሚሳፈርልኝ ካገኘሁ እወጣዋለሁ፣ መምህር።"

ቦርሳውን አቀፈ። "እኔ በግሌ ችግር የለብኝም። ግን ክብደቱ፣ ብሬኩ... ይኼ የፊዚክስ ጉዳይ ነው" አለና ወረደ። የተማረ ሰው ሲወርድ ያዩት ሌሎቹም ተከተሉት። ቦታ በሰው አፍ እንደሚሠራ በደንብ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ክፍል ውስጥ ከሰጠን ማብራሪያ ሁሉ ይኼኛው ይሻል ነበር።

ቅዳሜ እናቴ ከዶርዜ ወረደች፤ ሴቻ ለምትኖረው እህቷ ቆጮ ይዛ። ሳያት ልቤ አረፈ። እሷ ከተቀመጠች ሌላው ገበያተኛ ይደፍራል፣ መስመሩም ይጸናልኛል ብዬ ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ ከዚህኛው የከፋ ዳገት ስትወጣና ስትወርድ የኖረች ሴት ናት። ቆጮውን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ራሷ ሳትገባ ቀረች።

"ዕቃውን አንቺ አድርሺው። እኔ በዚያኛው እመጣለሁ" አለችኝ በጋሞኛ።

"ለምን፣ እማዬ?"

"ዳገት ነው፣ ልጄ። ለዳገት ወንድ ይሻላል።"

ተራ አስከባሪው ጋሞኛ ይሰማል። በጣቱ ወደ ሜዳው መስመር አሳየኝ። መምህሬን መናቅ ቀላል ነበር፤ እናቴን እንዴት አድርጌ እንደምንቅ ግን ማንም አላስተማረኝም።

እሷ አንድ ጎረምሳ የሚነዳው ባጃጅ ውስጥ ገባች፤ እኔም ቆጮውን ይዤ ተከተልኳት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ያ ባጃጅ ጭሱን እያስነጠሰ ቀጥ አለ። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ይገፉት ጀመር። እናቴም ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ከኋላ ትገፋለች። ሞተሬ ሳይንገራገጭ አጠገቧ ደረስኩና ቀስ አልኩ።

"እማዬ፣ ነይ ግቢ።"

ዞራ አላየችኝም። አንገቱን ደፍቶ መሪውን ለያዘው ጎረምሳ፣ በዚያች በምትችላት ትንሽ አማርኛ፣ ለእኔ አንድም ቀን ባላወጣችው የለሰለሰ ድምፅ፣

"አይዞህ፣ ልጄ። ያንተ ጥፋት አይደለም፤ ዳገቱ ነው" አለችው።