ሰኞ ሰኞ የሚቆመው ሞተር

አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ሐኪም አያጣም። ሞተሩ አንዴ እምቢ ይበል እንጂ ከየፎቁ ይወርዱለታል። ጥርሱን እየፋቀ የወረደው «ባትሪ ነው» ይላል፤ ዘንቢል ይዞ የሚያልፈው «ቤንዚኑ ነው» ይላል፤ መንጃ ፈቃድ በእጁ ይዞ የማያውቀው ደግሞ ከሁሉም በላይ እርግጠኛ ነው። እኔ በዚህ ግቢ ስኖር ለራስ ምታቴ እንኳ ይህን ያህል ሰው ተጨንቆልኝ አያውቅም።

ሞተሩ የአባቴ ነበር። አባቴ ለዓመታት ለሥራ ሲነዳው ኖሮ፣ መሥሪያ ቤቱ ከእንግዲህ አይረባም ብሎ በጨረታ ሲያወጣው ገዛው፤ ጡረታ የወጡት አብረው ነው ማለት ይቻላል። አባቴ ካረፈ በኋላ ልብሱ ለዘመድ ተሰጠ፤ ሬዲዮኑም ተበላሸ። ከእሱ የቀረን ድምፅ ያለው ነገር ይኸው ሞተር ብቻ ነው። ጠዋት ሲነሣ የሚያሰማው ጉርምርምታ በልጅነቴ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ድምፅ ነበር። እወደው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ስሰድበው እንዳታምኑኝ ነው።

እኔና እናቴ አያት ነው የምንኖረው፤ ቢሮዬ ግን ኦሎምፒያ ነው። መጀመሪያ የቆመብኝ ጉርድ ሾላ ላይ ነበር። ያኔ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ተቃጥሎ ስለነበር አስቀየርኩትና ተገላገልኩ። እንደተገላገልኩ የተሰማኝ እስከሚቀጥለው ሰኞ ድረስ ነው። ሰኞ ጠዋት ግቢ ውስጥ በአንድ ርግጫ ተነሣ፤ ሲኤምሲን እየዘፈነ አለፈ፤ ጉርድ ሾላ ላይ ማሳል ጀመረ፤ መገናኛ ሲደርስ ሁለቴ ነጠረና ቀጥ አለ። ከኋላዬ የነበረው የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «ብራዘር፣ ሸኘው በቃ! አርፏል እኮ!» አለኝ። ለአባቴ መታሰቢያ ይህን የመሰለ ንግግር ያደረገ ሰው አላውቅም።

ሞተሩን ወደ ዳር ገፍቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። መደወሌ ስለናፈቀችኝ አይደለም። ባለፈው ጉርድ ሾላ ላይ ስገፋ አንዲት ጎረቤት ከታክሲ ውስጥ አይታኝ ኖሮ ወሬውን ከእኔ ቀድማ አድርሳ እናቴን ልትገድልብኝ ነበር። ስለዚህ ጎረቤት ሳይቀድመኝ «እማዬ፣ ቆመብኝ፤ ደህና ነኝ» እላታለሁ። «እሺ የኔ ልጅ፣ ቀስ በል» ትለኛለች። ትንሽ አርፎ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሣል።

ከዚያ ወዲህ በሽታው መልክ ያዘ። ሰኞ ይቆማል፤ ማክሰኞ ያስላል፤ ረቡዕ ያጉረመርማል፤ ሐሙስና ዓርብ እንደ አዲስ ሙሽራ ይሆናል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር ሞተሩም ከእሱ ሰኞን መጥላት ለምዶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ይህን ለአለቃዬ ባስረዳውም አልገባውም።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጋሼ በጉብዝናቸው ዘመን አሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ያሽከረከሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ዘንድ በሽታው ብዙ ቢሆንም መድኃኒቱ አንድ ነው።

«ካንዴላ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ካንዴላውን እኮ ቀይሬዋለሁ።»

«እንግዲያው የቀየርከው ካንዴላ ነው የተበላሸው።»

ለጉንፋንም ካንዴላ ሳያዝዙ አይቀሩም። ቢሆንም ስለማከብራቸው እንደገና ቀየርኩ። ሰኞ መገናኛ ላይ ቆመ።

መካኒክ ጋ የምሄደው ሥራ በሌለኝ ቅዳሜ ነው። ለሚ ኩራ፣ ብሎኬት ከሚመረትበት ሜዳ አጠገብ ያለው መካኒክ ካርቡራተሩን ፈትቶ አጸዳ፣ ገመዱን ጠበቅ አደረገ፣ ከዚያ በኮረኮንቹ ላይ አቧራ እያስነሣ ነድቶት ተመለሰ። ቅዳሜ ስለሆነ ሞተሩ ሊበር ደርሶ ነበር። «ሞተርህ ጤነኛ ነው» አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ሰኞ ሰኞ የምትደክመው አንተ ነህ።» ይህችን ለመስማት ግማሽ ቀን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠብቄያለሁ።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። መገናኛ መሐል መንገድ ላይ ሲቆምብኝ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ከኋላዬ ፍሬኑን ይዞ አስፋልቱን አስጮኸው። መብራቱ ጀርባዬን ሊነካኝ ምንም አልቀረውም። ያን ቀን ለእናቴ ደውዬ «ደህና ነኝ» ስላት ድምፄ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም መሰለኝ። ማታ እራት አቅርባ ከጎኔ ቁጭ አለች።

«በሚቀጥለው ሰኞ ከቆመ ለቆራሌው ይሰጣል» አለች። «አባትህን ቀብሬያለሁ። አንተን አልቀብርም።»

እሺ አልኩ። ቆራሌው እንደሆነ አሮጌ ብረት ሊሰበስብ በየቀኑ በግቢያችን እየጮኸ ያልፋል። ከዚያ በፊት ድምፁን ልብ ብዬው የማላውቀው ሰውዬ፣ ከዚያ ወዲህ የሚጠራው እኔን ይመስለኝ ጀመር።

ቅዳሜ ሞተሩ ድኖ ስለሚቆይ ምንም እንደማይገኝ ገብቶኝ፣ በሰኞ ዋዜማ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሼን ይዤ ሞተሩ ሥር ተንበረከክሁ። ጋሼ የኪሳቸውን ካንዴላ ይዘው ነው የመጡት። ከታንኩ ወደ ካርቡራተር የሚወርደውን ጎማ ነቅዬ ቤንዚኑን በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ቀዳሁት። ትንሽ ሲያርፍ ለሁለት ተከፈለ። ቤንዚኑ ከላይ ሆነ፤ ከሥሩ ደግሞ ጥርት ያለ ውሃ ተኛ።

«ማደያው ውሃ ነው የሸጠልህ!» ብለው ጋሼ ተነሡ። «ና፣ አሁኑኑ እንሂድ! ካንዴላ አይደለም ብዬህ አልነበር?»

እኔም ደሜ ፈልቶ ልሄድ ነበር። ግን ከውሃው ሥር ደግሞ ደቃቅ ነገር ዘቅጧል። ዝገት እንዳልል ቀይ አይደለም፤ እንደ አመድ ግራጫ ነው። ውሃውን አንጠፍጥፌ በጣቴ ነካሁትና አሸሁት። ልስልስ አለ። ይህን ነገር ጣቴ ያውቀዋል። ልጅ ሆኜ ትኩሳት በያዘኝ ቁጥር፣ ፈተና በደረሰ ቁጥር፣ ግንባሬ ላይ ሲቀባ የኖረ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው አመድ፣ እምነት ነው።

ቀና ብዬ ወደ በረንዳችን አየሁ። እናቴ ነጠላዋን ገመድ ላይ እያሰጣች ቁልቁል ታየኛለች። እንዳየኋት ስታውቅ ወደ ውስጥ ገባች።

ፕላስቲኩን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ።

«እማዬ፣ ሞተሩ ውስጥ ምን ጨመርሽበት?»

«ምን እጨምርበታለሁ? ጠበል ነዋ» አለችኝ፣ የወጡን ጨው የጠየቅኳት ይመስል።

«ቤንዚን ውስጥ!»

«የታመመ ሰው መረጨት ብቻ ነው እንዴ? ይጠጣል እንጂ። እሱ በየት በኩል እንደሚጠጣ የማላውቅ መሰለህ? የታንኩ ቁልፍ እሑድ እሑድ በሩ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚውለው።»

ነገሩን ከሥሩ አወጣጣሁት። ጉርድ ሾላ ላይ የቆመብኝ ጊዜ ነው የጀመረችው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠበሉን በእምነት በጥብጣ በታንኩ አፍ ታጠጣዋለች። ሰኞ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ውሃው ካርቡራተር ይገባና ሞተሩ ይቆማል። ሳምንቱን ሲነዳ ደግሞ እየጨረሰው ይሻለዋል። እሷም ሰኞ እንደቆመ በሰማች ቁጥር በሽታው ጸናበት ብላ መጠኑን ጨምራለች።

ውሃ የገባበት ቤንዚን እንደማይነድ፣ ሞተር ደግሞ ካልነደደለት እንደማይሄድ ቀስ አድርጌ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ።

«እና የሚያቆመው ጠበሉ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ፍጥነት ሳይዝ? ቀለበት መንገዱን ሳትሻገር?»

«አዎ፣ መገናኛ ላይ።»

ፕላስቲኩን ከእጄ ተቀብላ በብርሃን አየችው። «ታዲያ ሠርቷል ማለት ነዋ» አለች።

በዚያ ቤት ውስጥ የተማርኩት እኔ ነኝ። ማስረዳቱን እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ከብዙ ክርክር በኋላ ጠበሉ ወደ ሄልሜቱ እንዲዛወር ተስማማን፤ ታንኩም ታጥቦ ደረቀ።

ሰኞ ጠዋት በእርጥብ ራስ ወጣሁ። ጉርድ ሾላ ላይ አላሳለም። መገናኛ ላይ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁት፤ እሱ እቴ! በሚኒባሶቹ ጡሩንባ ላይ በጭስ ማውጫ ማርሚታው ድምፅ እያፌዘ አለፈ። ኦሎምፒያ ስደርስ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ንፋሱ ነው ልል ነበር፤ ንፋሱ አይደለም። አባቴን ከቆራሌው ያስጣልኩት መስሎኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ሳላገኝ የቆየሁትን ክብር በራሴ ላይ ጭኜ ዋልኩ።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ምሳዋ እንደቀረበ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«እማዬ፣ አልቆመም እኮ!» አልኳት እየፈነደቅኩ።

«አልደወልክም» አለች።

«ካልቆመ ምን ብዬ ልደውል?»

«ሰኞ ሲቆም ትደውልና ደህና ነኝ ትለኛለህ፤ እኔም ሳምንቱን በዚያ አምኜ እህል እቀምሳለሁ።» ስልኩን ከጭኗ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ዛሬ ደህና መሆንህን ማን ነገረኝ?»

ለአንድ ሞተር ሐኪም በሐኪም ላይ አቁሜ ሳስመረምር፣ መደወሌ ለእናቴ መድኃኒት ሆኖ እንደቆየ የነገረኝ አልነበረም። ምሳዋን አሙቄ አቀረብኩላት፤ አብረን በላን።

አሁን ኦሎምፒያ ስደርስ ሞተሩን አጠፋና ሄልሜቴን ሳላወልቅ እደውላለሁ።

«እማዬ፣ ቆመ።»

«የት?»

«ቢሮ በር ላይ።»

«ተመስገን» ትላለች፤ ከጀርባዋ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማኛል።