የልብስ ሰፊው ደረት

ልብስ ሰፊያችን ድሮ ከመክሳቱ የተነሳ ሱቁ የሚገባ ደንበኛ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ኮት የለበሰውን አሻንጉሊት ነበር። ይህን ውርደት የቆረጠለት አብሮ አደጉ ነው። የጂም አሰልጣኝ ነው፤ «ቫይታሚን ነው፣ እኔም ራሴ የምወጋው ይህንኑ ነው» እያለ በየሳምንቱ መቀመጫው ላይ ይወጋው ጀመር።

ስድስት ወር አልሞላም፣ ደረቱ ቀድሞ ሱቅ ይከፍታል፣ ባለቤቱ ቁርሱን በልቶ ይደርሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱን በሜትር እየለካ ከደንበኞቹ ልክ ጋር ደብተሩ ላይ ይጽፋል። የሸሚዙን ቁልፍ በክር ሳይሆን በሽቦ ሳይሰፋው አልቀረም።

ሚስቱ ግን መርፌው ከተጀመረ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጅ ስትጠብቅ ኖራ፣ «የኔ ጌታ፣ እርግዝናው ወዳንተ ዞረ እንዴ?» አለችው። ስቀው፣ አብረው ሐኪም ቤት ሄዱ።

ሐኪሟ ውጤቱን አየችና «ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ትወጋለህ?» አለችው።

«ኧረ ቫይታሚን ነው፣ ዶክተር።»

«ቫይታሚን እንዲህ ደም አያወፍርም። ግፊትህ ጣሪያ ነክቷል፣ የልብህ ግድግዳ ደንድኗል። ሆርሞኑ ከውጭ ሲመጣለት የዘር ፍሬህም ሥራ ፈትቶ ኮሰመነ። ናሙናህ ውስጥ አንድም ዘር የለም።»

«ይመለሳል?» አለች ሚስቱ።

«መርፌውን ትቶ ክትትል ካደረገ ብዙዎቹ ላይ ይመለሳል። ወራት ይፈጃል፣ ዓመትም ሊያልፍ ይችላል። ቃል ግን አልገባም።»

መንገድ ላይ ግን እሱ ለጓደኛው ጥብቅና ቆመ። «ምን ያውቃል ብለሽ ነው? ራሱም እኮ ይወጋል። ሄጄ ልንገረው፣ እሱም ሳይጎዳ።»

መሄድ አላስፈለገውም። በማግስቱ አሰልጣኙ ለሠርጉ ሱፍ ሊያሰፋ እያፏጨ መጣ። ልብስ ሰፊው ወሬውን ከልኬቱ በኋላ አደረገው፤ የሙያ ነገር ነው፣ ሰው ደንግጦ ከተነፈሰ ደረት ይሳሳታል። አንገት ለካ። ክንድ ለካ። ደረት ሁለቴ ለካ። ከዚያ ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጦ የጓደኛውን የዛሬ ሦስት ዓመት ልክ አየ። አንድ ጣት እንኳ አልጨመረም።

«አንተ፣ አብረን ነው የምንወጋው አላልከኝም?»

አሰልጣኙ መስታወቱ ውስጥ የራሱን ክራባት ያስተካክል ጀመር፤ ክራባት ግን አላሰረም።

«እኔማ... እጮኛዬ ልጅ ትወዳለች።»

ልብስ ሰፊው ያን ትልቅ ደረቱን ይዞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሱቁ ውስጥ ከአሻንጉሊቱ ያነሰ መሰለ። ከዚያ የጓደኛው ልክ ያለበትን የደብተር ገጽ በመቀሱ በጥንቃቄ ቆርጦ ሰጠው።

«እንካ ልክህን። ሌላ ጋ አሰፋበት።»