ላሜ የለመደችው ነጠላ

እናቴ ከቢቸና ወደ ሞጣ፣ ከእኔ ቤት ወደ ታናሽ እህቴ ቤት የሄደችው በወተት ምክንያት ነው። ጥርሶቿ ካለቁ ወዲህ ዋና ምግቧ ወተት ነበር። የእኔዋ የሐበሻ ላም ደግሞ ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ ከዚያ ያነሰ ነው የምትሰጠው። የእህቴ ላም ዲቃላ ናት። ባልዲ ሙሉ ትታለባለች፤ ጥጃዋ አጠገቧ ኖረ አልኖረ ግድ የላትም።

እህቴ እናታችንን ልትወስድ የመጣች ዕለት ላሜን በረት ደጃፍ ላይ ቆማ አየቻት።

«እትዬ፣ ዛሬስ ለድመቷ ተረፈላት?» አለችኝ።

እናቴ ሳቀች። የእህቴን ቀልድ ወዲያው ረሳሁት፤ የእናቴ ሳቅ ግን ቆየብኝ። ላሟ እኮ እናቴ ካረባቻቸው ላሞች ዘር ናት። ከመጀመሪያ ወሊዷ ጀምሮ ያለበቻትም እናቴ ነች። ያን ዕለት ከመሄዷ በፊት ግንባሯን ዳበሰቻት፤ ብዙ ቆየች። እኔን የሳመችኝ ከዚያ በፊት ይሁን በኋላ አላስታውስም።

በማግስቱ ላሟ ወተቷን አልለቅም አለች። ጥጃዋን አስጠጋሁላት፤ ለእሱ ትንሽ ለቀቀችለትና እኔ ማለቢያውን ይዤ ስቀመጥ ያዘችው። ጨው አላስኳት፤ አባበልኳት፤ እናቴ ታንጎራጉርላት የነበረውንም ሞከርኩ። ዞር ብላ አይታኝ ማመንዠኳን ቀጠለች። እንዲህ ስንተያይ ሰነበትን። አንድ ጠዋት ስለበረደኝ፣ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ የቀረውን የእናቴን አሮጌ ነጠላ ደርቤ ገባሁ። ትከሻዬን አሸተተች። ማለቢያውን ሳስጠጋ ወተቱ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ያለዚያ ነጠላ አልቤያት አላውቅም። ማጠብም አልደፈርኩም።

ይህን ለእህቴ አልነገርኳትም። እሷ ስትደውል እናታችን ጠዋትና ማታ እስኪበቃት እንደምትጠጣ፣ ጉንጯ እንደሞላ፣ የተረፈው ወተት ለእርጎ እንደሚቀመጥ ትነግረኛለች። እናቴም ስልኩን ተቀብላ የሞጣ ወተት ተትረፍርፏል ትለኛለች። እሰየው እላለሁ። በፆም ቀን ግን የእህቴ ባልዲም የእኔ ጣሳም ለእናቴ አይቀርቡላትም፤ ሁለታችንም እኩል ነን። ረቡዕና ዓርብን አጥብቄ የወደድኩት ያን ጊዜ ነው።

በበጋው መንገድ ተዘጋ። ዲቃላዋ የምትበላው ፉርሽካና ፋጉሎ በመኪና የሚመጣ ነበርና ሞጣ ገበያ ላይ ጠፋ። ፀሐዩም ከረረ። ላሟ ቀትር ላይ አፏን ከፍታ እንደምታለከልክ፣ መዥገር እንዳስቸገራት፣ ወተቷም እንደቀነሰ እህቴ በስልክ ነገረችኝ። የእኔዋ ማሳ ላይ የቀረውን ቃርሚያና የጤፍ ጭድ እየበላች፣ ፀሐዩን ከቁም ነገር ሳትቆጥር፣ ያቺኑ ጣሳዋን ትሰጥ ነበር። ለእህቴ እግዚአብሔር ያውቃል አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ተነስቼ የእናቴን አልጋ አራገፍኩ፤ ንጹሕ አንሶላም አነጠፍኩ።

መንገዱ እንደተከፈተ፣ ጠዋት ላሜን አልቤ ለማታው ጥጃው እንዲጠባት ለጎረቤት ነግሬ፣ ያንኑ ነጠላ እንደደረብኩ ቅቤ ቋጥሬ በግንደወይን በኩል ሞጣ ሄድኩ። ልቤ እናቴን ይዤ እንደምመለስ ነግሮኝ ነበር።

የእህቴ ላም ጎድኗ ወጥቷል። በቆሎ አገዳ ተደርድሮ ጥላ ተሠርቶላታል። እህቴ ስታልባት ባልዲውን ከራቅ ብዬ አየሁት። እንዲያ ቀንሶም ከእኔዋ ይበልጥ ነበር። ከዚያችው ለእናቴ በትልቁ ኩባያ ተቀዳላት፤ የቤቱ ሰው የተረፈውን ተካፈለ። እህቴም ከስታለች። ጠጋ ብላ «እትዬ፣ እርስዎ ይጠጡ» ብላ የራሷን ድርሻ ሰጠችኝ። ወተቱ ቀጠን ያለ ነው። መቅጠኑን በልቤ ያዝኩት።

ለእናቴ አልጋዋ እንደተነጠፈ፣ የእኔዋ ላም በድርቁም እንዳልቀነሰች ነገርኳት። ወደ ራሷ ሳብ አድርጋኝ ትከሻዬን አሸተተች።

«ይሄ የኔ ነጠላ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ያለሱ አትሰጥሽም?»

«አትሰጠኝም።»

እህቴ ልትስቅ ነበር፤ የእናቴን ፊት አይታ ተወችው። እናቴ የለበሰችውን ነጠላ ከላይዋ ገፍፋ አጠፈችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ያኛው እኔ እኔ መሽተቱን ሊተው ነው» አለች። «ይሄን ውሰጂ። ይሄንም ሽታዬ ሲለቀው ሌላ ለብሼ እልክልሻለሁ።»

እልክልሻለሁ ስትል የአልጋውን ነገር ዳግመኛ አላነሳሁም። ቅቤውን ለእህቴ ሰጠኋት። እናቴ ሽታውን አውቃ ጎንበስ አለችላትና እህቴ አናቷን ቀባቻት፤ እኔ ነጠላውን ይዤ ተቀመጥኩ።

ቢቸና የገባሁት በማግስቱ ነው። ነጠላው እህቴ የገዛችላት ነው፤ ጥለቱ ደማቅ ነው። ያንን ደርቤ በረት ገባሁ። ላሜ ትከሻዬን አሸተተች፤ የሌላይቱን ላም ሽታ አግኝታበት መሰለኝ ራሷን አነሳች። እናቴ የወጣችበትን ደጃፍ ስታይ ቆየች። ከዚያ ወተቱን ለቀቀችልኝ።

እኔ እሷን ብሆን አልሰጥም ነበር።