የኦቦ ተሬፋ የሊንክ ደቦ

ጃለኔ ተሬፋ አምቦ መናኸሪያ አጠገብ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት። ሁለት ኮምፒውተር፣ ቀለም ቶሎ የሚያልቅባት አንድ ማሽን፣ በሩ ላይ «ማመልከቻ ይጻፋል» የሚል ወረቀት። ሙያውን የተማረችው እዚያው ከተማ ነው። ደንበኛ ሲጠፋ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አትችልም፤ ድረ ገጹንም የጀመረችው በዚሁ ጠባይዋ ነው።

ገጹ ለእንግዳ ሰው የሚሆን ነበር። የጉደርን ፏፏቴ ለማየት የት ይወረዳል፣ የወንጪ መኪና ከየት ይነሳል፣ የትኛው አልጋ ቤት እውነት ሙቅ ውሃ አለው። የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለኩራት ግን አይደለም። ማስታወቂያ የሚሰጣት የውጭ ድርጅት በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ለተጻፈ ገጽ አይሰጥም ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ውጭ አገር ያለ ሰው መፈለጊያው ላይ «ጉደር» ብሎ ይጽፋል፤ መፈለጊያውም ገጾችን በተራ ይደረድርለታል። የጃለኔ ገጽ ከላይ ከወጣ ሰውየው ይገባል፣ ጎን ላይ ያለውን የአውሮፕላን ትኬት ማስታወቂያ ምናልባት ይነካል፣ ከዚያ ለጃለኔ ሳንቲም ይደርሳታል። ከታች ከወጣ ግን ከመናኸሪያው ጀርባ ሻይ ቤት እንደ መክፈት ነው፤ ሻዩ ቢጣፍጥም የሚያልፍ ሰው የለም። ሳንቲሙ ደግሞ ተጠራቅሞ መቶ ዶላር ካልሞላ አይላክም።

በ2004 ክረምት ሒሳቡ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ እንጭኒ ከተማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የጸሐፊነት ፈተናውን አለፍሽ አላት። ሥራው ጥቅምት ላይ ይጀመራል። ጃለኔ አሰበችና ለአባቷ ቁርጡን ነገረቻቸው፤ የመጀመሪያው ክፍያ እስከ መስቀል ከመጣ አምቦ ትቀራለች፣ ካልመጣ ቤቱን ዘግታ ትሄዳለች።

ኦቦ ተሬፋ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት ውስጥ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት። ቅሪልኝ ማለት አይሆንላቸውም። ዞር ብለው፣ ለመሆኑ ይህ ገጽሽ ከላይ የሚወጣው በምንድን ነው ሲሉ ጠየቋት። ብዙ ነገር ይታያል፣ አንዱ ግን ሌሎች ገጾች ወደ እኔ ሲጠቁሙ ነው፤ ሊንክ ይባላል፣ እንደ ምስክር ነው አለቻቸው። እሳቸው ጤፍ ሲያሳጭዱ የኖሩ ገበሬ ናቸውና ከዚህ ሁሉ የሰሙት አንድ ነገር ነው፦ ሰው በበዛ ቁጥር ሥራው ይቀላል።

«ይኼማ ደቦ ነዋ» አሉ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆኑ ከጊንጪ እስከ ጉደር የማያውቃቸው የለም። ለጃለኔ ሳይነግሩ፣ ከእሑድ አምልኮ በኋላ ድረ ገጽ አለው የተባለውን ሁሉ ሰበሰቡ። ጊንጪ ኢንተርኔት ቤት ያለው የእኅታቸው ልጅ ሌታ መጣ፤ የመዘምራኑ ገጽ ኃላፊ፣ የእግር ኳስ ቡድኑ ጸሐፊ፣ የዶሮ መኖ የሚሸጠውም ሰውዬ መጡ። በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ቀረበ፣ አምቦ ውሃ ተከፈተ። ደቦ በልቶ ሳያጭድ የሚሄድ የለም። ሌታ ስለ ጉደር አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፈላቸው፤ ሁሉም ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ከነሊንኳ በገጻቸው ሁሉ ግርጌ ለጠፏት። የመኖው ነጋዴማ በእያንዳንዱ ከረጢት ፎቶ ሥር።

ገጹ ጥቂት ቀን ወደ ላይ ወጣ። ጃለኔ ምክንያቱን ሳታውቅ ደስ አላት። ከዚያ አንድ ጠዋት ብትፈልገው የለም። «ጉደር» ስትል መዘምራኑ ይመጣሉ፣ የዶሮ መኖ ይመጣል፣ የእሷ ግን የትም የለም። ሒሳቡም ባለበት ቆመ።

ስትበረብር ያቺን ዓረፍተ ነገር በየገጹ አገኘቻት። ለፍርድ ቤት ማመልከቻ ስትጽፍ የኖረች ስለሆነች ነገሩ ቶሎ ገባት። አሥር ምስክር ቀርቦ አሥሩም አንድ ቃል ከደገሙ ዳኛው ማንን ይጠረጥራል? መፈለጊያውም የጠረጠረው እሷን ነው።

ጊንጪ ሄደችና ሌታን አገኘችው።

«አከም ጅርታ ጃለኔ፣ ከፍ አልሽ አይደል?» ሲል ሰላም አላት።

«ወደቅኩ። ሊንኩን አንሳልኝ።»

«የአጎቴን ጭኮ በልቼ? ከደቦ መሃል ማጭዱን ጥሎ ሄደ ልባል ነው?»

ሌሎቹም ያሏት ይኸንኑ ነው። ደቦን የሚበትነው የጠራው ሰው ነው። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አባቷን ማስቀየም።

ማታ እራት ላይ የምስክሮቹን ነገር አስረዳቻቸው። ኦቦ ተሬፋ ጉርሻቸውን ትሪው ላይ መለሱ።

«አበላሸሁት በይኛ።»

«አበዙት እንጂ፣ አባ።»

በማግስቱ እሑድ ነበር። ሰዎቹን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሰበሰቡና፣ «ወገኖቼ፣ አዝመራው ገብቷል። ማጭዳችሁን ይዛችሁ ውጡ» አሉ። ለመሸኛም ጭኮ ደገሙ። ሳምንቱ ሳያልቅ ሁሉም አነሡ፣ የይለፍ ቃሉን ከረሳው ከመኖ ነጋዴው በቀር። የእሱን ገጽ ጃለኔ ራሷ ሄዳ ከፍታ አነሣችለት።

ሌታ ግን አንዲት ሊንክ ገጼ ላይ ትቆይልኝ አለ፤ ኢንተርኔት ቤቱ የሚገቡ መንገደኞች ስለ ወንጪ ይጠይቁታል። ገጹን አንብበኸዋል ወይ ስትለው ሳቀ። ሊንክ የሚለጠፈው ለተነበበ ነገር ነው ብላ አስቀምጣ አስነበበችው። አንብቦ ሲጨርስ፣ የጉደር ሚኒባስ የሚጫንበት ቦታ ከተቀየረ እኮ ቆየ፣ ሰው እያሳሳትሽ ነው አላት። ለካ ቆጣሪው ላይ ገጹን ከፍተው ወዲያው ሲዘጉ የምታያቸው እንግዶች ስህተቱን እያዩ ኖሯል። እዚያው ቁጭ ብላ አረመችው፤ የሌታም ሊንክ በቦታው ቆየ።

መስቀል መጣ፤ ክፍያው አልመጣም። ገጹ ዳገት ላይ እንዳለ የጭነት አይሱዙ እያቃሰተ ነበር የሚወጣው። ጃለኔ ቃሏን ጠብቃ ቤቱን ዘጋችና እንጭኒ ሄደች። ኦቦ ተሬፋ ሻንጣዋን እስከ መኪናው ተሸከሙላት።

ስለ እንጭኒ የጻፈ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየዞረች ጠየቀች፤ ገበያው የትኛው ቀን እንደሚቆም፣ የመጨረሻው መኪና መቼ እንደሚወጣ፣ ካመለጠ የት እንደሚታደር። እዚያው ድረ ገጿ ላይ በአንድ አዲስ ገጽ ጻፈችው። ማንንም አልጠራችም። ገጹ ቀስ ብሎ ከላይ ተቀመጠ፣ የአምቦውንም አብሮ ጎተተው፤ ጥር ላይ ሒሳቡ ሞላ። ክፍያው ሳያቋርጥ መምጣቱን እስክታረጋግጥ ቆየችና በፋሲካ ሰሞን ሥራውን ለቃ ተመለሰች፤ «ማመልከቻ ይጻፋል» የሚለውንም ወረቀት አደሰችው።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት የልጅህን ገጽ እስቲ አሳየን ሲላቸው ኦቦ ተሬፋ ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው ይመልሳሉ። ከባትሪ መብራት በቀር ምንም የሌላት ስልክ ናት።

«እኔ አልነካውም» ይላሉ፤ «ከነካሁት ይወርዳል።»