የክፍል ሦስት እንግዳ

የደሴቱ ሰዎች ጉምሩክ ይሉኛል። ከጀልባ የወረደ ሰው ሻንጣው ሳይከፈት ውስጡን ታውቀዋለች ማለታቸው ነው፤ አልተሳሳቱም። አራት ክፍል ያላትን የእንግዳ ማረፊያችንን ከባሌ ጋር ማስተዳደር ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እሱ እንግዳ በጀልባ ያመጣል፣ ያበስላል። እኔ አንሶላ አጥባለሁ፣ ክፍል አጸዳለሁ፣ እጠረጥራለሁ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? ፎጣዬን ሸክፎ ሊሄድ የነበረ ስንቱን ወደቡ ላይ ሻንጣ አስፈትቻለሁ።

ባሌ የዋህ ነው። ቤቱን ስንከፍት የአራቱን በር ቁልፍ እንዲገዛ ከተማ ብልከው፣ በርካሽ አገኘሁ ብሎ አራቱም በአንድ መክፈቻ የሚከፈቱ ቁልፎች ይዞ ተመለሰ። ሰሌዳው ላይ አራት መክፈቻ በየቁጥሩ ተሰቅሏል፤ የፈለጋችሁትን ብታነሱ የፈለጋችሁትን በር ይከፍታል። ይህን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን።

እንግዲህ ይህ የዋህ ሰው ካለፈው ክረምት ወዲህ ተለወጠብኝ። ሲያናግረኝ ዓይኔን ማየት ተወ፤ በጆሮዬ በኩል አሻግሮ ግድግዳውን ያያል። የእንግዶቹን መዝገብ አንቺ ጻፊው አለኝ። ወንድሙ ሲደውልለት ስልኩን ይዞ ጓሮ ይወጣል። ይህ ወንድሙ፣ ቤቱን ሽጣችሁ ከተማ ግቡ እያለ ስንት ዓመት የጨቀጨቀን ሰው ነው። ሊሸጡብኝ ነው አልኩ። ቤቱ የተመዘገበው በባሌ ስም ነው፤ ድንጋዩን ከባሕሩ ዳር በጀርባዬ ያመላለስኩት ግን እኔ ነኝ። ቤቱን ካጣሁ ምን ቀረኝ?

በዚህ መሐል ክፍል ሦስትን ለሁለት ሳምንት የያዘ ሰውዬ መጣ። ብቻውን። አይዋኝ፣ ፎቶ አያነሳ። ጎህ ሲቀድ ከባሌ ጋር በጀልባ ይወጣሉ፣ ፀሐይ ሲበረታ ይመለሳሉ፤ ለዓሣ ነው እንዳልል ዓሣ ይዘው አይመጡም። እኔን ደግሞ እንግዳ የሚበዛው መቼ ነው፣ ነፋሱ የሚብሰው በየትኛው ወር ነው፣ ክረምቱን እዚሁ ትከርማላችሁ ወይ እያለ ይጠይቀኛል። ሊዝናና የመጣ ሰው የክረምት ነፋስ ምን ያደርግለታል? ባሌን ጠየቅሁት። ጥሩ ሰው ነው አለ፣ ለግድግዳው።

በሰባተኛው ቀን እነሱ ውሃ ላይ ሳሉ የክፍል አንድን መክፈቻ አንስቼ ክፍል ሦስት ገባሁ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። አልጋውን ራሱ አንጥፎታል፣ እጥፋቱ ከእኔ ይበልጣል፤ እሱም አናደደኝ። ትራሱ ሥር ደብተር አገኘሁ። ስገልጠው የደሴቱ ዳርቻ ተሥሏል፣ የቤታችን ጣሪያ በቀይ ቀለም፤ ከጣሪያው መስመሮች ይወጣሉ፣ በየመስመሩ ጎን ቁጥር አለ። ቤቴን ለክቶ ጨርሷል አልኩ። ደብተሩን ይዤ ሻንጣውን ሸከፍኩ።

ሲመለሱ ሻንጣው ወደቡ ላይ ጠበቀው። ዕቃ የምታመጣልን ጀልባ ልትነሳ ነበርና በእሷ ሂድ አልኩት፤ ቤቴ አይሸጥም፣ ለላከህም ንገረው አልኩት። ሰውየው ባሌን አየው። ባሌ አንገቱን ደፋ። ሰውየው ደብተሩን ከእጄ ተቀብሎ ተሳፈረ። ንጹሕ ሰው ዝም አይልም ብዬ ልቤ ሞላ።

ባሌ የተናገረው ጀልባዋ ከራቀች በኋላ ነው።

«ጀልባችንን ሊነዳልን ነበር የመጣው» አለኝ። «እኔ አላይም። የማየው ነገር ሁሉ መሐሉ ጠፍቶብኛል፤ የቀረኝ ዳር ዳሩ ነው።»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ዓመት አልፎታል። ዕቃ ልግዛ ብሎ ከተማ በሄደ ጊዜ ወንድሙ ሐኪም ዘንድ ወስዶት አይድንም ተብሏል። ጓሮ የሚያወሩት ነጂ ስለ መፈለግ ነበር። ሦስት ነጂዎች ደሴቱ ሩቅ ነው ብለው እምቢ አሉ፤ አራተኛው አይቼ ልወስን ብሎ መጣ። ደብተሩ ላይ የነበረው፣ ጣሪያችንን ምልክት አድርጎ በውሃ ውስጥ ቋጥኞች መሐል የሚታለፍበት መንገድ ነው። ዓመት ሙሉ እንግዳውን፣ እኔንም ጭምር፣ በልምድ ብቻ ሲያሻግረን ኖሯል። ለምን ደበቅከኝ አልኩት እያለቀስኩ። ቤቱን ትዘጊዋለሽ ብዬ ፈራሁ አለኝ። ሰውየው ጋ ብደውል ብደውል አያነሳም፤ እኔስ ብሆን አነሳለሁ?

ዓርብ ጠዋት ስድስት እንግዶች ማዶ ይጠብቁን ነበር። እነሱ ከቀሩ ወሬው ይሰማል፣ ሌላውም ይቀራል፣ ቤቱም አበቃለት። ባሌ ሞተሩን አስነሳና ከፊት ተቀመጪልኝ አለኝ። ተቀመጥኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው እጅና ኪስ ሳይ ኖሬ ውሃውን አይቼው አላውቅም። የደመናው ጥላ ሁሉ ቋጥኝ መሰለኝ። ብሳሳትስ አልኩት።

«ያየሽውን ንገሪኝ» አለ። «እኔ ያልሽኝን አምናለሁ።»

ወደ ግራ አልኩት። ለምን ሳይል አዞረው።