ጢስ የበዛበት ፍልሰታ

ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ቻምበርስ ሮድ ዳር ባለው አፓርትማችን፣ ነሐሴ መግባቱን የምናውቀው በምላሳችን ነበር። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው። የግቢው የሐበሻ ልጆች ሁሉ ምንም ሳንቀምስ እንቆይና በመዋኛ ገንዳው አጥር ዳር ተሰልፈን ምላሳችንን እንተያይ ነበር። ምላሱ የነጣለት እውነተኛ ጿሚ ነው። ቀላ ያለበት ግን ጉዱ ፈላ፤ «ከረሜላ በልተሃል» እየተባለ ሲበሽቅ ይውላል። የገንዳው ክሎሪን፣ የጋለው አስፋልት፣ ከየመስኮቱ የሚወጣው የሽሮ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ሥር አለ። እናንተም በዚያ ዘመን እዚያ አካባቢ ካደጋችሁ፣ ምላሳችሁን ሳታሳዩ ያለፈ ነሐሴ ያለ አይመስለኝም።

የዚያን ዓመት ነሐሴ ግን ከከተማው ወዲያ ባለው ተራራ ላይ ደን ይቃጠል ነበር። ጢሱ ወርዶ ከተማው ላይ ተኛ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እንደ በርበሬ ቀልታ በዓይን ትታይ ነበር፤ እኛም አፋችንን ከፍተን እናያት ነበር። መሐል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ ፓርኪንግ የሚሠራው አባቴ ማታ ሲገባ ሸሚዙ ጢስ ጢስ ይሸታል፤ «ከመኪና ላይ አመድ ስንጠርግ ዋልን» ይላል። ለሌሎቹ ልጆች ነገሩ እንደ ጨዋታ ነበር የሆነላቸው። እኔ ግን አስም ነበረብኝ።

እናቴ ቦርሳዋ ውስጥ ሰማያዊ ኢንሄለር፣ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ እና አፉ ላይ የሚገጠመውን የፕላስቲክ ቱቦ ትይዛለች። እንደ ብዙዎቹ እናቶቻችን «ሱስ ይሆንባታል» ብላ ስለምትፈራ የምታወጣው ሲብስብኝ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የራሴ ሕግ ነበረኝ። ኢንሄለር የሚሳበው በአፍ ነው፤ ምላስ ላይም የሚመር ጣዕም ይተዋል። ስለዚህ ጾም ያስገድፋል። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ማንንም አልጠየቅኩም። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲህ ያለው ነገር ጥያቄ አያስፈልገውም።

የጾሙ መጨረሻ እሑድ ልቆርብ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ያኔ ከሱቆች ጀርባ የተከራየነው አዳራሽ ነበር። ጣሪያው ላይ ያለው አሮጌ ማቀዝቀዣ የውጭውን አየር እየሳበ ያስገባል። ከጢሱ ሸሸን ብለን ብንገባ ጢሱም ተከትሎን ገባ። ቅዳሴው ሲጋመስ ደረቴ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። እናቴ እንዳትሰማ ነጠላዬን ወደ አፌ አስጠጋሁ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻዬ ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ጋር ወደ ላይ መነሳት ጀመረ። እናቴ ዞር ብላ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ ሁለት ቃል አገናኝቼ መመለስ አቃተኝ። እጄን ይዛ ወደ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ወዳለው ምንጣፍ ወሰደችኝ።

ሴቶቹ ከበቡን። አንዷ አስተኝታ ነጠላ ደረበችብኝ፣ አንዷ በእጇ ታራግባለች፣ ሌላዋ ጸበል ፊቴ ላይ ትረጫለች። ሁሉም ከፍቅር ነው። ተኝቼ ግን ባሰብኝ፤ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። እናቴ ኢንሄለሩን አውጥታ ቱቦውን ወደ አፌ ስታስጠጋ ከንፈሬን ገጠምኩ።

«ክፈቺ የኔ እናት» አለች። ራሴን ነቀነቅኩ።

«ልትቆርብ እኮ ነው» አለች እትዬ ሙሉ፣ የክርስትና እናቴ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በአፍ የሚገባ ነገር… ውኃ እንኳ አይቻልም። አባቶችን ብንጠይቅ አይሻልም?»

እናቴ እጇ አየር ላይ ቀረ። ፊቷን አሁንም አየዋለሁ። ለልጇ መድኃኒቱን መስጠትም፣ አለመስጠትም የፈራች ሴት ፊት ነበር። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ የጠበቅኩትን ጾም በመጨረሻዋ ሰዓት ላበላሸው አልፈልግም። አየሩ ግን እያለቀብኝ ነበር።

ያን ጊዜ መምሬ ታዬ መጡ። የንስሐ አባታችን ናቸው። የዚያን ቀን ተራቸው ስላልነበር አልቀደሱም፤ በመቋሚያቸው ተደግፈው ከኋላ ቆመው ነበር። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ፊት ለፊቴ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። ቄስ እንደ ልጅ መሬት ላይ ሲቀመጥ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

«አታስተኟት። ቀና አድርጓት፤ ነጠላውን አንሱላት፤ እናንተም ራቅ በሉ፣ አየር ይግባላት» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ከተው አንድ ነገር አወጡ። መስቀል መስሎኝ ነበር። ሰማያዊ ኢንሄለር ነው።

«ይህቺን ታውቂያታለሽ አይደል? እኔም እንዳንቺው ነኝ። ዛሬ ጠዋት በዚህ ጢስ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ስቤያለሁ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። መምሬ ግን የሚያዩት እኔን ብቻ ነበር። «ይህ ምግብ አይደለም ልጄ። መድኃኒት ነው፤ የሚሄደውም ወደ ሳንባሽ ነው። ጾምሽን የማውቀው እኔ ነኝ። ጥያቄ ካለም እኔ እጠየቅበታለሁ። አንቺ ተንፍሺ።»

አፌን ከፈትኩ። «የእሷን ስጫት» አሉ እናቴን፣ የራሳቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ። እናቴ ኢንሄለሩን ነቀነቀች፣ ቱቦውን ገጠመች፣ አንድ ጊዜ ተጫነች። መምሬ «ቀስ ብለሽ… ሳቢ… አውጪ… ደግሞ ሳቢ» ይሉኛል። እናቴ ከጭንቀቷ የተነሳ ቶሎ ቶሎ ልትጫነው ስትል እጇን ያዟት። «አንዷን ትጨርስ፣ ከዚያ ሌላ። ደግሞ ሞባይልሽን አውጪና አጠገብሽ አድርጊው። ካልቀለላት 911 ደውለን አምቡላንስ እንጠራለን፤ ቅዳሴ እንረብሻለን ብለሽ እንዳትፈሪ። ከትንፋሿ የሚበልጥ የለም።»

ደግማ ሰጠችኝ። ደግማም ሰጠችኝ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ከደረቴ ግርጌ የሆነ ቦታ አንድ በር ገርበብ አለ። ትንሽ አየር ገባ። ቀጥሎ ትንሽ ጨመረ። ልቤ ደረቴን ደበደበው፤ መምሬ «አይዞሽ፣ መድኃኒቱ ነው፣ ያልፋል» አሉኝ። ጠፍቶብኝ የነበረው የቅዳሴው ዜማ ተመልሶ ተሰማኝ። አየር የሚባለው ነገር፣ ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያመሰግነው እየገባ የሚወጣው ነገር፣ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ የገረመኝ ነገር ግን የለም።

ቆረብኩ። እናቴ ደግፋ አሰለፈችኝ፤ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ስመለስ መምሬን አየኋቸው፤ ገና ዓይናቸውን ከትከሻዬ ላይ አላነሱም። ከቅዳሴ በኋላ ማይኩን ተቀብለው ያንኑ ሰማያዊ ዕቃ በሕዝቡ ፊት ከፍ አደረጉ። «ልጆች፣ በዚህ ጾም አይገደፍም። የደበቃችሁ አውጡ» አሉ። ከዚያ ከወንዶቹ በኩል ሄኖክ፣ ያ ከሁላችን ነጭ ምላስ የነበረው የጎረቤታችን ልጅ፣ ከካልሲው ውስጥ አወጣ። አንዲት ልጅ ከእናቷ ቦርሳ አወጣች። ሌላም ወጣ፣ ሌላም። ስንት ነሐሴ አብረን ስንጫወት ስንቶቻችን ተደብቀን ስንታፈን እንደኖርን ያን ቀን አወቅን። እናቴ በማግስቱ ክሊኒክ ወሰደችኝ፤ ሐኪሙም ሰማያዊዋ ቶሎ ቶሎ ካስፈለገች አስሙ አለመረጋጋቱ ነው ብሎ በየቀኑ የሚወሰድ ሌላ መድኃኒት ጨመረልኝ። «ሱስ» የሚለው ቃል ከቤታችን ጠፋ።

መምሬ ታዬ አርፈዋል። እኔ አሁን ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም የራሱን ሕንጻ ገዝቶ አየሩን የሚያጣራ ማሽን አስገብቷል። ጢሱ ግን እንደ ድሮው ብርቅ መሆኑ ቀርቶ በየበጋው የሚመጣ እንግዳ ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ጠዋት የአየሩን ነገር ስልኬ ይነግረኛል። ያኔ የሚነግረን ደረታችን ነበር።

ባለፈው ፍልሰታ የሰባት ዓመት ልጄ ሶልያና ቅዳሴ መሐል ማሳል ጀመረች። እኔ ቦርሳዬን ሳልከፍት እሷ ከኪሷ አወጣች። ነቀነቀች፣ ቱቦዋን ገጠመች፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ቀስ ብላ ሳበች። ትንሽ ጠብቃ ደገመች። አጠገባችን ያሉት አሮጊት እንኳ ዞር ብለው አላዩዋትም። እኔ ግን ዓይኔን ከደረቷ ላይ መንቀል አቃተኝ፤ ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ሲወጣ።

«ማሚ፣ ስቶፕ» አለችኝ በሹክሹክታ። «አይም ኦኬ። ምን እያየሽ ነው?»

«ስትተነፍሺ» አልኳት።

«ዛትስ ኢት? ይኸው ብቻ?» አለችና ፊቷን ወደ መቅደሱ መለሰች።